እማማ ዘይነብ ያመለጣቸው አውቶቡስ

ባለፈው ሳምንት ከመርሳ ወደ ግራና ስሄድ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል። አንዲት አሮጊት ዘንቢል አንጠልጥለው ከሩቅ እጃቸውን ሲያነሱ ሹፌሩ ፍሬኑን ይዞ ጠበቃቸው። ከኋላ ያለው ሰው አጉረመረመ፤ እኔ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ሹፌሩ ምን እንዳሳቀኝ ሲጠይቀኝ "ወሬው ረጅም ነው" ብዬ አለፍሁት።

ነገሩ ሲሆን ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሐጎስ ከወልድያ በመርሳ በኩል ግራና የምትመላለስ አንዲት አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበረችው፤ ሹፌሯ እኔ ነበርሁ። አንድ ዓመት በሙከራ ከሠራን በኋላ የመስመሩን ፈቃድ አገኘን። የተሰጠንም ዓመቱን ሙሉ ቀን ሳናጓድል አገልግለናል ተብሎ ነው። አባቴ ፈቃዱን ተማምኖ የወልድያውን ቤታችንን ሸጠና ሞተር አስቀየረ። ከዚያ ወዲያ ከአውቶቡሷ ሌላ ምንም አልነበረንም።

ወር ሳይሞላ መስመሩን የሚመኙ ሌሎች ባለመኪኖች ፈቃዱ ይሰረዝልን ብለው ወልድያ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ማስረጃቸው የመርሳ መናኸሪያ የመውጫ መዝገብ ነበር። የገበያ ቀን ሲሆን የእኛ አውቶቡስ መዝገቡ ላይ የለችም፤ ዓመቱን ሙሉ፣ አንድም ቀን።

አባቴ "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው" ብሎ ሊያጣጥለው ሞከረ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። በገበያ ቀን ሰዉ የሸመተውን እህልና ጨው፣ ዶሮውንም ጭምር ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ አይመጣም። እኛም እንደ አገሩ ልማድ ገበያው ዳር ካለው ሾላ ሥር ጭነን እንሄዳለን። ልማዱን የማያውቅ ሰው የለም፤ የመዘገበው ግን ማንም የለም። ምስክሮቻችን ረዳታችንና አጎቴ ስለነበሩ ዳኛው ብዙም ቦታ አልሰጧቸውም። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ ከፍርድ ቤቱ ደጅ እሸት በቆሎ ከሚጠበስበት ቆመን ቀጠሮ እንጠብቃለን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ከሳሾቹ አገልግሎታችን መጥፎ ነው ለማሰኘት የግራናዋን እማማ ዘይነብን አመጡብን። እኚህን ሴት ሦስት ጊዜ ጥያቸው ሄጃለሁ። አላየኋቸውም ብል ውሸት ነው። በስፖኪዮ እያየኋቸው፣ ጃንጥላቸውን እያውለበለቡ አቧራዬ ውስጥ ትቻቸው ነው የሄድሁት። ወጣት ነበርሁ፤ መጠበቅ አልወድም።

እማማ ዘይነብ በቁርኣን ማሉ።

"እናቴ፣ በዚህ አውቶቡስ ላይ ቅሬታ አለዎት?" አሏቸው ዳኛው።

"ኧረ አለኝ እንጂ። ይሄ የሐጎስ ልጅ ሦስት ጊዜ ጥሎኝ ሄዷል። ግራና በእግሬ ነው የገባሁት።"

የከሳሾቹ ጠበቃ ፈገግ አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"መቼ ነው ጥሎዎት የሄደው?"

"በገበያ ቀን ነዋ። በሌላው ቀን እኔ መርሳ ምን አለኝ?"

ዳኛው ብዕራቸውን አነሱ። "ከየት ነበር የተነሣው?"

"ከሾላው ሥር። ሁልጊዜ ከዚያ አይደል የሚነሣ? ወላሂ፣ አንድ ገበያ ቀርቶ አያውቅም። እኔን ብቻ ነው የማይወስድ።"

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ከሳሾቹ ቅሬታቸውን እንጂ ቀኑን አልጠየቋቸውም ኖሯል። አባቴ ጉልበቴን ጨብጦ ያዘኝና እማማ ዘይነብ ከችሎቱ እስኪወጡ ድረስ አልለቀቀኝም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ፈቃዱ ጸና።

ያን ዕለት ከችሎት ስንወጣ እማማ ዘይነብ ብቻቸውን ደጅ ቆመው አገኘኋቸው።

"ይቅር በሉኝ፣ እማማ" አልሁ።

"ልጠቅምህ አይደለም የመጣሁት።"

"አውቃለሁ።"

"እወቅ። ያመጡኝ ሰዎችም ጥለውኝ ሄዱ። አሁን በምን ልገባ ነው?"

ፊት ወንበር አስቀምጬ ግራና ድረስ፣ እስከ ደጃቸው አደረስኋቸው። መንገዱን ሙሉ ሲቆጡኝ እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። ከወራት በኋላ ደረቴ ቀለል ያለኝ ያን ቀን ነው።

ሦስቱንም ጊዜ ጭኛቸው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የሚመሰክርልን አይኖርም ነበር። አውቶቡሳችንን ያተረፋት ደግነቴ አይደለም፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር እፎይ እላለሁ፣ አፍራለሁም።

ባለፈው ሳምንት አሮጊቷ በሩ ጋ ሲደርሱ ወርጄ ቦታዬን ለቀቅሁላቸውና ከኋላ ተጠጋግቼ ገባሁ። እየተነፈሱ ተቀመጡና ሹፌሩን "ትተኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ነበር" አሉት። እሱ ሳይመልስ እኔ ከኋላ "አይሄድም" አልኋቸው።