ካሬ እና የማሳያ ቤቱ አልጋ

የታላቅ እህቴን ባል «ካሬ» እንለዋለን። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው። ግን ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ከማለቱ በፊት «ስንት ካሬ ነው?» እያለ የኖረ ሰው ሌላ ስም አይገባውም። አንድ ጊዜ ባሏ የሞተባትን ጎረቤታችንን ልናጽናና ሄደን፣ አጠገቤ ተቀምጦ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና በጆሮዬ «ሳሎኑ ግን ሠላሳ ካሬ አይሞላም» አለኝ። ለቅሶ ቤት ገብቶ!

ካሬ በቤት ንግድ ውስጥ ያልሞከረው ሥራ የለም፣ ቤት ከመሥራት በቀር። እህቴ «ገና መንገዱን እየፈለገ ነው» ትላለች። እሱ መንገድ ሲፈልግ የሚያልቀው ግን የእኛ ጫማ ነው።

መጀመሪያ ደላላ ነበር። ውሃ የማይደርስበት ቤት ሊያከራይ ሲል፣ ዋዜማውን ራሱ በጄሪካን እየተሸከመ ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር ይሞላል። በማግስቱ ተከራዩ ፊት ቧንቧውን ከፍቶ «ይኸው፣ ወንዝ በለው» ይላል። ያን ጉልበት ለቅን ሥራ ቢያውለው የት በደረሰ! ታንከሩ ሲያልቅ ተከራዮቹ ይፈልጉት ጀመር። እሱም ስልክ ቁጥሩን ቀየረ።

ከዚያ የቤት ገማች ረዳት ሆነ። ሥራው የሜትሩን ጫፍ መያዝ ነበር። የሰው ሜትር መያዝ ክብሩን ነካውና፣ ገማቹ ዞር ሲልለት ቤቱን በጫማው እየለካ ይጽፍ ጀመር። አፉ ሹል የሆነ ረጅም ጫማ የገዛ ዕለት የሰፈሩ ቤት ሁሉ ጠበበ። ገማቹ ጫማውን አይቶ አባረረው።

ቀጥሎ የሕንፃ አስተዳዳሪ ሆነ። ወገቡ ላይ ቁልፍ እያቃጨለ መንጎራደድ ጀመረ። ሊፍቱ ሲበላሽ ጠጋኝ መጥራት ሲገባው፣ ነዋሪዎቹ እስኪያልፉ ደረጃ ሥር ይደበቃል። የሚያሳብቅበት ያው ቁልፉ ነበር።

ይህን ሁሉ ስቄ አልፌዋለሁ። ሳቄ የጠፋው ከረባት አስሮ «የሽያጭ አማካሪ» ሆኖ የመጣ ዕለት ነው። የሚሸጠው አንድ ድርጅት የሚያሠራው፣ ገና ከመሬት ያልተነሣ ፎቅ ነው። ለገዢነት ያጨው ደግሞ እናቴን!

እናቴ ያላት አንድ ቤት ነው። እኔም ከባለቤቴና ድክ ድክ ከሚለው ልጄ ጋር የተጠጋሁት እዚያው ነው። እሱን ሸጣ አንድ መኝታ ያለው አፓርታማ እንድትገዛ ይጎተጉታት ገባ። እሷ ገብታ ብትተኛ፣ እኛ ጓዛችንን ተሸክመን የምንገባበት አልነበረንም። እናቴ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ግቢ መጥረግም ሰልችቷታል። ጆሮዋን ሰጠችው።

«እማማ፣ ዕድሜ ልክዎን መጥረጊያ ጨብጠው ሊኖሩ ነው?» አላት።

«እስቲ መጀመሪያ ልየው።»

«ማሳያ ቤቱን ይዩና እዚያው ይፈርማሉ!»

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን አዝዬ ተከተልኳቸው። ድርጅቱ ለናሙና ያሰናዳው ማሳያ ቤት፣ መቼም ሐሰት አልናገርም፣ ያምራል። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ፖም፣ ግድግዳው ላይ በር የሚያክል መስታወት አለ። ካሬ ክንዱን እየዘረጋ ከክፍል ክፍል ይዞራል።

«መኝታ ቤቱን ይመልከቱ! አልጋ ተዘርግቶም ኳስ የሚያጫውት ቦታ ይተርፋል።»

እውነትም ይተርፋል። እኔ ራሴ ልቤ ከዳኝና፣ በሐሳቤ የልጄን አልጋ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት።

እናቴ በበኩሏ መቆም ደክሟት ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ጋደም አለች።

«ኧረ እማማ፣ አይተኛበትም! ለማሳያ ነው!»

«ልገዛው አይደል እንዴ?»

እናቴ ረጅም ናት። ራሷን ትራሱ ላይ ስታሳርፍ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ውጭ ቀረ። ወደ ላይ ልትሳብ ብትል ራስጌው ገታት።

«ምነው፣ እኔ ነኝ የረዘምኩት?»

«እርስዎማ ቁመትዎ...» ብሎ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንተ ተኛበት» አልኩት።

እሱ ከእናቴ ያጥራል። ሊያሳፍረኝ ፈገግ ብሎ ከነከረባቱ ተጋደመ። ተረከዙ ከጠርዙ አልፎ ያ ሹል ጫማው አየር ላይ ተንጠለጠለ።

ተነሣና ፍራሹን በስንዝር ለካ። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ እጁን ቢሰድ እስከ ክርኑ እንኳ አልገባም። ፊቱ አመድ መሰለ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሊያታልለን አልነበረም። እሱም አያውቅም! ዕቃው ሁሉ ክፍሉን ሰፊ ለማስመሰል አንሶ ተሠርቷል፤ እዚያው እየዋለ ሲሸጥ የከረመው አማካሪ አንድም ቀን አልለካም። ካሬ ካሬ ሲል የኖረ ሰው! አታላይ ቢሆን እንኳ ትንሽ ባከበርኩት።

«እኛም አንዱን ልንይዝ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ለእህትሽ ቃል ገብቼላት...»

አዘንኩ። ለእህቴ።

እናቴ ጫማዋን አጠለቀች። «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ ሲባል ሰምቻለሁ» አለችው፤ «እግርህን ቁረጥ ሲባል ግን ገና ዛሬ ነው። ልጄ፣ ቤቴን አልሸጥም።»

አሁን ግቢውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ትርፉን ክፍል ቀለም ቀብተን ልናከራየው ነው። አንደኛው ጥግ ዝናብ ሲመጣ ይረጥባል፤ ተከራይ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። ዕድሜ ከሰጠኝ የሌላ ሰው ቤትም እንዲሁ እያሳየሁ ማከራየት የሚያቅተኝ አይመስለኝም።

ባለፈው ሰሞን እህቴ እየሮጠች መጣች።

«መንገዱን አገኘ!» አለችን። ያው ድርጅት ሌላ ሰፈር ለሚከፍተው ማሳያ ቤት ዕቃ እንዲያሠራለት ሹሞታል።

«ምን ዕቃ?» አለች እናቴ።

እህቴ ዓይኗን ሰበረች። «አልጋ።»

እናቴ ሳቋን ዋጠች። «በርታ በይልኝ። አንቺ የምትተኚበትን ግን እኔ ራሴ ሜትር ይዤ መጥቼ እለካዋለሁ።»