የሟች ኒሻን ለባሽ
ከደርግ ሸሽቼ ቶሮንቶ በገባሁ ዓመት፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንዲት አሮጊት ምድር ቤት ተከራየሁ። ታላቅ ወንድማቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተኳሽ ሆኖ ሞቶ፣ ሆላንድ ተቀብሯል። ታናሽ ወንድማቸው ግን ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቅ፣ በየኅዳሩ በሚደረገው የጦር ሙታን መታሰቢያ ሰልፍ የሟቹን ኒሻኖች ደረቱ ላይ ደርድሮ ቢራ የሚጋበዝ ሰውዬ ነበር። ዕድሜው ለአንቱታ ቢበቃም ከአፌ አልወጣ አለኝ።

አንድ ኅዳር፣ እኔ ባለሁበት፣ እህቱ "መቃብሩ ጋ ውሰደኝ" አሉት።

"ሩቅ ነው፣ እህቴ" አለ፤ ብርድ በገባ ቁጥር ፍሎሪዳ የሚከርም ሰው!

አሮጊቷ ተነሥተው ኒሻኖቹን አንድ በአንድ ከኮቱ ነቀሏቸው። እሱ ወደኔ ዞሮ፣ "ለሰልፉ አንዱን እንኳ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?" አለኝ።

በረዶው ሲቀልጥ ብቻቸውን ሆላንድ ሄደው፣ ወንድማቸውን አልቅሰው መጡ።