የለሚው ትንፋሽ

ድምፄ ጥሩ ነው። ሌላው ይመስክርልኝ እያሉ አንገት መድፋት የደብተራ ወግ ነው፤ እኔ አልችልበትም። ጥሩ ነው። አንዲት ጉድለት ግን አለችበት። በዐቢይ ጾም ዜማ ውስጥ መምህራን በአንድ ትንፋሽ የሚያልፉት ቦታ አለ። እኔ እዚያ ስደርስ ቆረጥ አደርግና አጭር ትንፋሽ ስቤ፣ ከሥር ዝቅ ብዬ እንደገና እገባለሁ። ደብረ ብርሃን አብረውኝ የሚያገለግሉት ካህናት “ሳንባው ደክሞ ነው” ይላሉ። ይበሉ። ይህችን ትንፋሽ ከማን እንደወሰድኳት እኔና አንድ የጫጫ ሰው እናውቃለን፤ ሆድ ይፍጀው ብለን ይዘናት ኖረናል። ዛሬ ግን አልይዛትም።

አንኮበር ዜማ ቤት ሳለን በአንዲት ጎጆ ሦስት ነበርን። በተማሪ ልማድ የምንጠራራው በአገራችን ነበር፤ አንዱ ለሚ፣ አንዱ ጫጫ። እኔን “የደብረ ብርሃንን ብርድ አዝለህ መጣህብን” እያሉ “ብርዱ” ይሉኝ ነበር። ለሚ ከእኛ ቀድሞ የገባ ስለሆነ፣ የኔታ እኛን እንዲያስቀጽል አደረጉት፤ እሱ ይመራል፣ እኛ እንቀበላለን። ደረቱ ደካማ ነው። ያቺ ቦታ ላይ ትንፋሽ አይበቃውምና ቆርጦ ይስባል፤ እኛም ትንፋሽ ሞልቶን ሳለ አብረን እንቆርጣለን። የኔታ በአለንጋ ሊያስጥሉን ሞከሩ። “አንዱ ሲያስነጥሰው ሦስታችሁም ትታመማላችሁ?” ብለው ተቆጡ። ልማዱ ግን አልተወንም። አንድ ደበሎ ለሦስት ለብሰን የምንተኛ፣ ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ በአንድ ገበታ የምንበላ ሰዎች ነበርን። እንዲያ የኖረ ሰው ትንፋሹ ቢጋባ ምን ይደንቃል?

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ቁራሽ የሚሰጥ እጅ ጠፋ። የኔታ ሰበሰቡንና “ልጆቼ፣ እዚህ ተከምራችሁ ከምታልቁብኝ ወደየአገራችሁ ሂዱ” አሉን። ሦስታችን ተያይዘን ወጣን። ዳገቱን ጨርሰን ደጋውን ስንይዝ ለሚን ትኩሳት ጣለው። ከገደሉ አፋፍ አጠገብ ሰው የለቀቀው ቤት አገኘንና እዚያ አስገብተን ሁለት ቀን አስታመምነው። በሦስተኛው ቀን ጫጫ ወደ ውጭ ጠራኝ። “ተስቦ ነው። ከዚህ ካልወጣን ሦስታችንም እዚሁ እንቀራለን” አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ያሰብኩትን ነበር ቀድሞ የተናገረልኝ። ለለሚ “በቅሎ ይዘን እንመለሳለን” አልነው። አንድ እፍኝ ሽምብራና በቅል ውሃ አጠገቡ አኖርንለት። አልተከራከረም። “እንግዲያው እየዘመራችሁ ሂዱ፤ እኔ እቀበላችኋለሁ” ብቻ አለን።

እየዘመርን ሄድን። እሱ ከቤት ውስጥ ሆኖ ይቀበላል። ጉብታውን ስንሻገር ቤቱ ከዓይናችን ተሰወረ፤ ጫጫ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ድምፁ ግን አልቆመም። ማንም ሳይመራው ይቀበል ነበር። ነፋሱ ይዞት እስከ ምን ድረስ እንደተከተለን እግዜር ይወቀው።

በቅሎ ከየት ይምጣ? አገሩ ሁሉ ሬሳ በመቅበር ላይ ነበር። ደግሞም አልፈለግንም፤ ማንንም አልጠየቅንም። ወር ሳይሞላ ሁለታችን ወደ አገሩ ወደ ለሚ ሄደን ለእናቱ አረዳናቸው። መበለት ናቸው፤ ከእሱ በቀር ልጅ የላቸውም። “አርፏል እናቴ፤ በወጉ ቀብረነዋል” አልናቸው። ደረታቸውን መቱ፤ ፀጉራቸውን ነጩ። ሲበርድላቸው “ዓይኑን ማን ከደነለት?” ብለው ጠየቁ።

“እኔ” አልኩ። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

ከዚያ ወዲህ በየሙት ዓመቱ ለሚ ላይ እንገናኝ ነበር። ሰው “የትምህርት ቤት ወዳጅነት ማለት ይህ ነው” እያለ ያደንቀናል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኛው ግን እያደር ሥጋና ደም አበጀ። እናቱ ይጠይቃሉ፣ እኛ እንመልሳለን። መጀመሪያ “ከዛፍ ሥር ቀበርነው” አልን። በዓመቱ ዛፉ ጽድ ሆነ። ጫጫ “አፈሩ እንዴት ደረቅ ነበር! መዳፌ ተልጦ” እያለ እጁን ያገላብጣል። እኔም የተላጠውን መዳፍ በጨርቅ ሳስርለት ትዝ ይለኛል። አላሰርኩም እኮ! የለሚን የዓይን ቆብ በጣቴ ስከድነው የተሰማኝ ቅዝቃዜ እንኳ አሁንም ጣቴ ላይ አለ። አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን ፈርቼ “ጫጫ፣ እውነት ግን ቀብረነዋል?” አልኩት። “ምን ነካህ? ቀበርነው እንጂ” አለኝ። ዓይኑን አላሸም። እፎይ አልኩ።

በሦስተኛው ዓመት እናቱ እጅግ አረጁ። “ልጆቼ፣ ሞት ሸቶኛል” አሉን። “በደብሩ ግቢ የመቃብር ቦታ ለምኜ ተሰጥቶኛል። የልጄን አፅም አምጡልኝና አብሬው ልቀበር። ሌላ ምንም አልለምናችሁም።”

ሄድን። ምን ብለን እምቢ እንበል? የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ነገር ግን ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ቀኑን ውጦታል። የዘረጋሁት እጄ አይታየኝም። ቤቱ እንደቆመ ነው። ውስጡ ሰውም አፅምም የለም፤ ምድጃው ላይ አመድ አለ። “መንገደኛ አድሮበት ነው” አለ ጫጫ። ወጥተን ጽዱን ፈለግን። ወይ ጉድ! ሁለት ጎልማሶች ራሳቸው የፈጠሩትን ዛፍ በጉም ውስጥ እየዳበሱ ሲፈልጉ! ያን ጊዜ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ዛፉ አለመኖሩ ከልቤ አስደነገጠኝ። በመጨረሻ ከአጥሩ ሥር የሰው አፅም አገኘን። ከክፉው ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ አፅም በየመንገዱ ነበር።

“እሱ ነው” አለ ጫጫ።

“እሱ ነው” አልኩ። በነጠላ ጠቀለልነው።

ዝም ብሎ አንስቶ መሄድ ከበደንና ጥቂት እንዘምርለት ተባባልን። ከአፋችን የወጣው ያው የጾሙ ዜማ ሆነ። ያቺ ቦታ ላይ ደረስን። ቆረጥን፤ ትንፋሽ ሳብን። ከጉሙ ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ ሌላ ሰው አብሮን ሳበ። ከዚያ ሦስተኛ ድምፅ ከሥር ዝቅ ብሎ ገባ። እኛ ዝም ስንል እሱ ቀጠለ። ድምፁ ወደ እኛ እየቀረበ መጣ፤ በሰው ቁመት ግን አልነበረም፤ መሬት ለመሬት ነበር የሚመጣው። “በስመ ሥላሴ!” አልንና አፅሙን ታቅፈን እግሬ አውጪኝ አልን። ድምፁም ከኋላችን፣ ከመሬቱ፣ እየዘመረ ተከተለን። ሰው ይሆናል ብለን ለአፍታ እንኳ አላሰብንም። እንዴት እናስብ? ቀብረነዋል! ዓይኑን በእጄ ከድኜዋለሁ!

ለሚ ስንደርስ እናቱ አፅሙን በእቅፋቸው ተቀበሉን። ለብ ባለ ውሃ እያጠቡ፣ አንድ በአንድ እያነሱ ያዋሩት ጀመር። “ይቺ ክንድህ ናት፤ ስትተኛ አንገቴ ሥር የምታስገባት” ይላሉ። ያቺ ክንድ የማን እንደሆነች ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። አልቻልኩም።

“እናቴ፣ ይህ ልጅዎ አይደለም” አልኩ።

“አንተ ሰውዬ!” ብሎ ጫጫ ክንዴን ጨበጠኝ። ነጠቅሁት። ተስቦውን፣ በቅሎውን፣ ጥለነው መሄዳችንን፣ በጉሙ ውስጥ የሰማነውን ድምፅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አሁን ይረግሙኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው የያዙትን አጥንት በቀስታ አስቀመጡ፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

“የሞተ ሰው ይዘምራል እንዴ?” አሉኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አንድ ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

“ተነሥ፤ ምራኝ” አሉ። ጫጫ በጋቢው ተሸፋፍኖ እዚያው ቀረ።

ሞት ሸቶኛል ያሉት አሮጊት እኔን ወጣቱን እየቀደሙ ተራመዱ። በቅሎ ተከራይቼ ላስቀምጣቸው ብል “እሷ ለልጄ ነች” ብለው በእግራቸው ሄዱ። በመንገድ ላይ አንድም ጊዜ አልወቀሱኝም። “ምን ይበላ ይሆን?” ይላሉ፤ ጥቂት ሄደው ደግሞ “እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?” ይላሉ። እኔም ተስፋ አደረግሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ምን እንደምለው እንኳ ሳሰላስል ነበር።

ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቤቱ ባዶ ነው። አንዲት ኩበት የምትለቅም ሴት አይታን መጣች። “ዘማሪውን ነው?” አለች። “እኛ ከስደት ስንመለስ እዚህ አገኘነው። የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ናቸው አሉ በዚያ በሽታ ነፍሱን ያተረፉት። እግሩ ግን አልሄድ ብሎ በእንብርክኩ ይድህ ነበር። ያለንን እናካፍለዋለን፤ እሱም ይጸልይልናል። ወደ አገርህ ሰው እንላክልህ ስንለው፣ ጓደኞቼ በቅሎ ሊያመጡልኝ ሄደዋል፤ አይቀሩም ይላል።”

“አሁንስ የት አለ?” አሉ እናቱ።

ሴትዮዋ የማን እናት እንደሆኑ ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ያን የጉም ዕለት ምንጭ ወርዶ ነበር። ከላይ ሰዎች ሲዘምሩ ሰማ። እኔ ከደጄ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ‘መጡ! መጡ!’ ይላል፣ ደግሞ ይዘምራል፣ ደግሞ ‘ቆዩኝ’ ይላል። ሰዎቹ ሮጡ። እሱም ድምፃቸው በሄደበት ዳኸ። እዚያ ጋ መንገዱ ከገደሉ ይጠጋል፤ ጉሙ ደግሞ ጉም አይምሰልዎት። በማግስቱ ባሎቻችን ወርደው አወጡት። በወጉ ቀብረነዋል እሜቴ።”

እናቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም።

“ስንት ቀን ሆነው?” አሉ።

ሴትዮዋ በጣቷ ቆጠረች። “ዛሬ አሥራ አንድ።”

“እንግዲያ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ልጅ ነበረኝ” አሉ። የተናገሩት ለሴትዮዋ ነው፤ ወደ እኔ አላዩም።