መሬት የማይረገጥበት ውሃ

ልጆቼን ወንዝ መሻገር ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። አባታቸው ደረቱን ስለሚያመው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይገባም ነበር። ቤታችን ከዳባት ከተማ ወዲያ፣ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ገበያም ሆነ ትምህርት ቤት ለመድረስ ውሃውን ማቋረጥ ግድ ነው። ክረምት ሲሆን ወንዙ ድንጋይ ያንከባልላል። እጃቸውን ይዤ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ውሃው ቢያነሣህ አትንፈራገጥ፣ በእግርህ መሬት ፈልግ፣ መሬት ካገኘህ ቆመሃል። ትልቁ ልጄ ይህን ከሁሉም አብልጦ ያዘ። አንድ ጊዜ ደራሽ ውሃ መጥቶ ሲያዳፋው፣ ዐይኔ እያየ ሁለት እግሩን ወደ ታች ተክሎ ቀጥ አለ። ያን ቀን ይህን ልጅ ከእንግዲህ ውሃ አይወስደውም ብዬ ልቤ ዐረፈ።

በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ወደ ባሕር ይልኩታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ደጋ ላይ ያደገ፣ ከወንዝ በቀር ውሃ የማያውቅ ልጅ ነው። ግን የደረሰው ባሕር ኃይል ሆነ፤ ቀይ ባሕር ላይ ባለች፣ ጨውና ድንጋይ እንጂ ሌላ በሌላት ደሴት ጥበቃ አቆሙት።

ጥር ላይ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ያነክስ ነበር። ጥይት መስሎኝ ሱሪውን ልገልጥ ጎንበስ አልሁ። ጥይት አይደለም፣ ድንጋይ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ደባርቅ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድሁ። ቁስሉን ያጠበው ድሬሰር ከውስጥ እንደ አጥንት የነጣ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስባሪ አወጣ። ወደ መስኮቱ አንሥቶ አገላበጠውና የእኛ ተራራ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለውም አለ። ልጄም ኮራል እንደሚባል፣ ባሕር ውስጥ እንደሚያድግ ነገረው። እኔን ያሳሰበኝ ድንጋዩ አልነበረም። የልጄን እግር እዚያ ምን አደረሰው?

ስንመለስ መንገድ ላይ ነገረኝ። ከደሴቲቱ ጀርባ፣ ከጥበቃው ራቅ ብሎ፣ ኮራሉ ከውሃው ሥር እንደ አጥር የተዘረጋበት ቦታ አለ። ከወዲያ በኩል ባሕሩ ጥልቅና ጥቁር ነው፤ ከወዲህ ግን ጉልበት የማይደርስ፣ እንደ መስታወት የጠራ። ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ከጥልቁ ይመጣል፤ አጥሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጫፉ ይታጠፋል፣ ከዚያም ወደ ጎን እየተተረተረ ይሄዳል። ማንም ወደዚያ አይመጣም። እሱ ከተሰበረ ጀልባ የቀረ ሳንቃ አገኘ። የጥበቃ ተራው ካልሆነ ጧት ጧት ይወርዳል። በአጥሩ መካከል ባለች ክፍተት ይወጣና ሳንቃው ላይ በሆዱ ተኝቶ ይጠብቃል። ትንንሾቹን ሞገዶች ያሳልፋል። ደህናው ሲመጣ በእጁ ይቀዝፋል፤ ሞገዱ ከሥር ገብቶ ሲያነሣው ይቆማል።

«ምኑ ላይ?» አልሁት።

«ሳንቃው ላይ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይወስደኛል። ሰጋር በቅሎ ላይ ያለሁ ይመስለኛል፤ ብቻ ኮቴ የለውም።»

ፊቱ በርቶ ነበር። ከወታደርነቱ ነገር እንዲህ አድርጎ ያወራልኝ ሌላ የለም። እኔ ግን ክፍተቷ ምን ያህል ትሰፋለች፣ በምን ትለያለች፣ አብሮህ ማን አለ እያልሁ አስጨነቅሁት። ክፍተቷ ውሃው ጠቆር የሚልባት፣ ሞገድ የማይሰበርባት ናት አለኝ። አብሮት ማንም የለም። እንዴት ቆሰልህ አልሁት።

«መውደቅ ያለ ነው» አለ። «በጎን ወይም በጀርባ ወድቆ እንደ ቅጠል መንሳፈፍ ነው። እግር መስደድ የለም፤ ከሥር ኮራሉ ምላጭ ነው። የእኔ እግር ግን ስወድቅ መሬት ይፈልጋል። ሳላስበው ነው እማዬ። ያን ቀን ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ተያዘ። አንዱ ሞገድ በላዬ አለፈ፣ ሌላው ተከተለ። ቦጭቄ ነው ያወጣሁት።»

ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። እኔ መንገዱ ዳር ተቀመጥሁ። ደከመሽ ወይ አለኝ፤ አዎ አልሁት።

ቤት ስንደርስ ሁለተኛ እዚያ ላትገባ ማልልኝ አልሁት። ሌላ ሌላውን ጠይቂኝ አለ፤ ብምልም አልተወውም፣ በውሸትም አልምልልሽም። ለምን ብዬ ያዝሁት።  ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግድግዳው የሚሰማው ይመስል፣ «እዚያ ላይ ስሆን የሚያዘኝ የለም» አለ።

ላስቀረው አስቤ ነበር። ቆላ ዘመድ አለኝ። ግን አንድ ጎረቤታችን ልጁን የደበቀ ጊዜ አባትየውን አስረው፣ ልጁ መጥቶ እጁን እስኪሰጥ አልለቀቁትም። የእኔ ባል በዚያ ደረቱ ሲሚንቶ ላይ ቢያድር አይነጋለትም። የቀበሌው ሊቀ መንበርም እየመጣ፣ በትሕትና፣ የጓድ ቁስል እንዴት ሆነ ይለኝ ነበር። እየዳነ ነው እለዋለሁ። ዳነም ብል ይወስዱታል፣ አልዳነም ብል በጥርጣሬ ዐይን ያዩታል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ በእግሩ ያስገባሁትን ማስወጣት።

አውድማው ላይ የገብስ ጭድ ክምር አለን። ከአሮጌው በር የተነቀለውን ሳንቃ ጎትቼ፣ በመሰላል ወጥቼ አናቱ ላይ አጋደምሁት። ቁም አልሁት። መጀመሪያ ለቀልድ መስሎት ቆመ። ከኋላ ሳንቃውን ስገፋው ሁለት እግሩን ተክሎ ጭዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። «እግርህ» አልሁት። ወጣ፤ ገፋሁት፤ በእግሩ ወደቀ። ባሕሩ ልገፋህ ነው ብሎ እንደማይነግረው አውቃለሁና ሳልነግረው፣ ወሬ እያወራ ሳለ፣ ሊወርድ ሲል ሁሉ እገፋው ነበር። በየቀኑ ቁስሉን አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ ወደ ክምሩ እወስደዋለሁ።

ሽማግሌው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል።

«አንቺ ሴት፣ መንግሥት ያሠለጠነውን ወታደር በጭድ ደግመሽ ታሠለጥኚዋለሽ?»

«መውደቅ ነው የማስተምረው አባባ።»

«እሱንማ ሳይማር ይችለዋል» ብለው ሳቁ።

ልጄም ራሱ ላይ ጭድ ተሸክሞ ሳቀ። አባባ ይምጡና ይሞክሩት እንጂ፣ መሰላሉን እኔ እይዛለሁ አላቸው። እኔ ወደ ላይ ውጣ አልሁት።

ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል ነገሩ የተለወጠ መሰለኝ። በጎኑ ተዘርግቶ፣ እግሩን ወደ ላይ ሰብስቦ መውደቅ ጀመረ። ሳያየኝም ብገፋው እንደዚያው። ቁስሉም ደረቀ።

በሚሄድበት ጧት ልሸኘው ወደ ከተማ ወረድን። በጋ ስለሆነ ወንዙ ከጉልበት በታች ነው፤ ድንጋዩ ግን አረንጓዴ ለብሶ ያንሸራትታል። ሻንጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊቴ ገባ። መካከል ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ከሥሩ ተገለበጠ። ሁለት እግሩ ወደ ታች ወርዶ ተተከለ፣ ቀጥ አለ። ሻንጣውን ጠብታ አልነካውም። ልክ በልጅነቱ ያየሁት ነው፤ ምንም አልተለወጠም።

ዞሮ አየኝ፤ እኔን ለማጽናናት ነው መሰል።

«አየሽ እማዬ፣ አልወደቅሁም።»

ውሃው መካከል ቆሜ ቀረሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ ወደ ክምሩ እንመለስ ልለው ነበር። ከደባርቅ የሚመጣው የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማና ቶሎ በይ አለኝ። ከእህሉ ጆንያ ላይ ሲወጣ ክፍተቷን እንዳትረሳ አልሁት። እሺ አለኝ፤ መኪናው ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ የባሕር ኃይሉ ወደብ ጦርነት ገባበት፤ የደሴቲቱም ወሬ ጠፋ። አብሮት የነበረ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሰዎች ጥይት ይሉኛል፣ መርከብ ይሉኛል፣ ሊያጽናናኝ የፈለገ ደግሞ ባሕሩን ተሻግሮ ይሆናል ይለኛል። እኔ የሚታየኝ ግን ያ የጠራ ውሃና ሳንቃው ብቻ ነው። ሌሎች እናቶች እግዚአብሔርን ልጄን መልስልኝ ብለው ሲለምኑ፣ እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ እግሩን ከመሬት አንሣለት እላለሁ።

ዛሬ የታናሽ ልጄን ልጅ ትምህርት ቤት የማሻግራት እኔ ነኝ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ድንጋይ ማንከባለል ይጀምራል። ውሃው ቢያነሣት ምን እንደምታደርግ ትጠይቀኛለች። መሬት ፈልጊ ብዬ መንገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ወንዙ ያው ወንዝ ነው። አፌን እከፍትና እጇን አጥብቄ ይዤ፣ ዝም ብዬ አሻግራታለሁ።