የህንዱ መምህር ቃጭል
ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ በዓይናቸው ያላዩትን አያምኑም ነበር። ሰበታ፣ ግቢያችን ውስጥ የተከራየው ህንዳዊ መምህር በየማለዳው ቃጭል ሲያቃጭል ጎረቤቱ ሁሉ «መተተኛ ነው፤ ይባረር!» አለ። አጎቴም ጠርጥረውት ኖሮ አንድ ማለዳ በሩን አንኳኩተው ገቡ። ትንሽ ምስል ፊት ውሃ፣ አበባና መብራት ተቀምጧል።

«ማንን ነው የምትጠራው?»

«አምላኬን። እንደ ክቡር እንግዳ እቀበለዋለሁ፤ ውሃው ለእግሩ፣ አበባው ለክብሩ ነው።»

«ምን እንዲያደርግልህ?»

«ዛሬስ ላመሰግነው ብቻ ነው፤ አገር ቤት ያለች ልጄ ከሕመሟ ድናለች።»

አጎቴ ወጥተው ጎረቤቶቹን «እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው አይባረርም» አሏቸው።

«አመኑት እንዴ፣ ኦቦ?» አለ ከጎረቤቶቹ አንዱ።

«አላመንኩትም። ግን ጠይቄዋለሁ።»

እሳቸው ካረፉ ወዲህም ሰፈሩ ሰው ማማቱን አልተወም፤ ሄዶ የሚጠይቅ ግን የለም።