ካዛንቺስ የተዳኘው የቤተ መንግሥት ገመና

ባለፈው ሰሞን ፀጉሬን ልሠራ አንድ ሕንፃ ላይ ወጣሁ። ልጅቷ አንገቴ ላይ ፎጣ ጠቅልላ ራሴን ለብ ባለ ውሃ ስታርሰው፣ ከጎኔ ደግሞ የአንዷ እርጥብ ፀጉር በሙቀት ሲጠበስ ሽታው መጣና ዓይኔን ጨፈንኩ። ሻምፖው ተለውጧል፣ ወንበሩ ተለውጧል፣ ዋጋውንማ ተዪው። የሚሞቅ ፀጉር ሽታ ግን ያው የድሮው ነው፤ አንስቶ ካዛንቺስ ወሰደኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ።

አንቺ አትደርሺበትም፤ ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ የፊት ክፍል ውስጥ የነበረ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ሦስት ካስክ ነበረው፤ ካስክ የምልሽ ያ ጭንቅላት ላይ እንደ ድስት የሚደፋው ማድረቂያ ነው። ከሦስቱ አንዱ አይሠራም፤ ሆኖም ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ እሱ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ወንበሩ ከሁሉም ይመቻል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ፀጉር የሚጠቀለልበት ቢጎዲን የሞላው ቅርጫት ሮዝና ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል፣ ከውስጥ የካስኩ ጉርምርምታ። ባለቤቲቱን ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር።

እትዬ ሁለት ሙያ ነበራቸው። አንዱ ፀጉር ነው፤ ሁለተኛው በባሕር ማዶ ያለ የአንድ ቤተ መንግሥት ጉዳይ። የየት አገር እንደሆነ አልነግርሽም፤ እሳቸውም ቢሆኑ “የኔዎቹ” ነበር የሚሏቸው። ሆቴል ውስጥ ልብስ የምታጥብ አንዲት ጎረቤታቸው፣ እንግዶች ጥለው የሚሄዱትን ባለፎቶ መጽሔቶች ሰብስባ ታመጣላቸዋለች። ወሬው ወራት ዘግይቶ ይደርሳል፤ እሳቸው ግን ትናንት እንደተፈጸመ አድርገው ይናደዱበታል።

ችግሩ እንግሊዝኛ አያነቡም። አንባቢያቸው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከቂርቆስ በእግሬ እመጣለሁ፤ እሳቸው ፀጉሬን በነፃ ይሠሩልኛል፣ እኔ ገጽ በገጽ አነብላቸዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ለዚያ መጽሔት አይበቃም ነበር። ያልገባኝን ፎቶውን እያየሁ እሞላዋለሁ። ልዑሉ ወደ ጎን ከዞረ “ተኳርፈዋል” እላለሁ። ንግሥቲቱ ጥቁር ከለበሰች አንድ አጎት እገድላለሁ። እትዬም ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል።

አቋማቸው የታወቀ ነው። ከአሮጊቷ ንግሥት ጋር ናቸው። በዚያ ሰሞን አንዱ ልዑል በሚስቱ ላይ ሌላ ሴት ወዶ ነበር፤ ሚስቲቱ ደግሞ ነገሩን ለጋዜጠኛ ዘረገፈችው። ለእትዬ ይህ ሁለት ጥፋት ነበር፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ይብሳል።

“የሱንስ እግዜር ይፍረደው” ይላሉ ማበጠሪያውን እያወዛወዙ። “የቤትን ገመና አደባባይ ማስጣት ግን ምን ይሉታል? ዝም አይነቅዝም።”

ቅዳሜ ቅዳሜ የማትጠፋ አንዲት የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ በዚህ አትስማማም። “ማለቴ፣ እትዬ፣ ተበድላም ዝም ትበል?”

“ለአባቷ ትንገር። ለቄሷ ትንገር። በቃ።”

“አባቷ ባይሰማትስ?”

“ታዲያ ጋዜጠኛው አባቷ ነው?”

ቂርቆስ የጨርቅ ሱቅ ያላት ስልጤዋ ደንበኛም አለች። ካስክ ሥር ሆና የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት እየጮኸች ነው የምትፈርደው። “እኔ ንግሥቲቱን ብሆን ወላሂ ሁለቱንም ነበር የማስወጣቸው” ትላለች፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው በመስኮቱ ዞር ብሎ ያያል።

ስለ ራሳችን አገር ነገሥታት ግን እትዬ አንድ ቀን አፋቸውን አልከፈቱም። ታይፒስቷ ልታናግራቸው ስትሞክር “ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ” ይሉና ቢጎዲኑን ጠበቅ ያደርጉባታል። “የራስን አያሙም፤ ለዚህ አይደል የሰው የተፈጠረው” አሉን አንዴ፣ ፈገግም ሳይሉ።

ከዚያ ቤተ መንግሥት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ሽማግሌ አሽከር ነበር፤ በየፎቶው ከንግሥቲቱ ኋላ ዣንጥላ ይዞ ይቆማል። ስሙን አናውቅም። እትዬ እርጥብ ጣታቸውን ፎቶው ላይ ያሳርፉና “ይሄ ሰው ስንቱን አይቷል” ይላሉ። “ከንፈሩን እዪው። ተሰፍቷል።” እኔም ከንፈሩን እያየሁ፣ ታማኝነት ማለት ይህ ነው ብዬ አመንኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የራሴ ጉድ መጣ። ታላቅ እህቴ ልትታጭ ነበር። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው፣ አባቴ እንደ ወጉ “እንምከርበት” ብሎ በሁለተኛው እሁድ ቀጥሯቸዋል። መልሱ እሺ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው ጨዋ ነው፤ አባቴ ዘንድ ጋዜጣ ሳይዝ አይመጣም። እህቴማ ስሙ ሲነሳ ሳህን ልታጥብ ትነሳለች፤ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ስታዲየም አካባቢ ካለ ኬክ ቤት በር ላይ አየሁት። ቁጢጥ ብሎ የአንድ ትንሽ ልጅ ጫማ ያስራል። አንዲት ሴት ቦርሳውን ይዛለት ከአጠገቡ ቆማለች። ልጁ እንዳይወድቅ የሰውየውን ፀጉር በሁለት እጁ ጨምድዶ “አባዬ፣ አጠበቅከው” አለው። “እሺ የኔ ጌታ” ብሎ አላላለት። ከዚያ ሴትየዋን ክንዷን ይዞ ገቡ። እኔን አላየኝም።

ከእህቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ብነግራት ደስታዋን የምገድለው እኔ ነኝ፤ ዝም ብል እሁድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ አባቴም እሺ ይላል። ዓርብ ሙሉ ቀን አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ያ ዣንጥላ ያዥ ሽማግሌ ፊቴ እየመጣ ይደቀናል።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ እትዬ ዘንድ ሄጄ መጽሔቱን ገለጥኩ። ገጹ ስለ ፈረስ ግልቢያ ነበር። እኔ ግን የማነብ መስዬ ጀመርኩ። “አንዲት ልዕልት ልትታጭ ነው ይላል። ታናሽ እህቷ ግን እጮኛውን ከሌላ ሴትና ከአንድ ልጅ ጋር አየችው። ልጁ ‘አባዬ’ ብሎ ጠራው።”

የታይፒስቷን ፀጉር ይጠቀልሉ የነበሩት እትዬ እጃቸው ባለበት ቆመ።

“ከዚያስ?” አለች ታይፒስቷ።

“ታናሽየዋ ምን እንደምታደርግ ጨነቃት ይላል። እዚህ ጋ ያቆማል።”

“ይሄን ነገር አጥፉልኝ እስቲ፣ አልሰማሁም” አለች ባለሱቋ። ካስኩ ጠፋላትና ደግሜ ነገርኳት። “ትንገራታ ወላሂ። ይሄም ይጠየቃል?”

ታይፒስቷ ሳቀች። “የእትዬ ፍርድ ይታወቃል። ዝም አይነቅዝም።”

እትዬ ያሰሩትን ቢጎዲን ፈቱት፤ መልሰው ጠቀለሉት። “ይነቅዛል” አሉ። “ትንገራት። ዛሬውኑ። ግን ለሷ ብቻ፤ ለእናቷም ቢሆን ቀድማ አትንገር። ለባለቤቱ መንገር ማማት አይደለም።”

ታይፒስቷ በመስታወቱ ውስጥ አፏን ከፍታ አየቻቸው።

እስከ በሩ ሸኙኝ። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ዝቅ ባለ ድምፅ “ያቺ ልዕልት እህት የላትም” አሉኝ። “የዚያ ቤት ሴት ልጅ አንድ ናት። የሁሉንም ልደት እንኳ በቃሌ አውቀዋለሁ።” መሬት መሬቱን አየሁ። የማን ነገር እንደሆነ አልጠየቁኝም። “ፀጉርሽ ይቆያል። አሁን ወደ ቤት ሂጂ።”

እህቴን ከጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ያየሁትን ሁሉ፣ የጫማውን ክር ሳይቀር፣ ነገርኳት። አንሶላውን በመቆንጠጫ ያዘችና “ጨረስሽ?” አለችኝ። ከዚያ ገባች። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ በማለዳ ወጥታ ራሱን ጠየቀችው፤ አልካደም። አባቴ ያን ዕለት ሽማግሌዎቹን “ልጅቷ ትምህርቴን ልቀጥል ብላለች” ብሎ በክብር ሸኛቸው። እህቴ በሰው ፊት አላለቀሰችም። እኔን ግን አኮረፈችኝ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች፣ ወጥ እንኳ በእናቴ በኩል ነው የምታቀብለኝ።

ሰፈሩ ምክንያቱን ማወቅ አማረው። ባለሱቋም ቅዳሜ መጥታ “የነዚያ ልጅ ምን ሆና ነው እምቢ ያለችው ይባላል?” ብላ እትዬን ጠየቀች። እኔ እዚያው ጥግ መጽሔቱ ውስጥ ተደብቄያለሁ።

“እኔ የባሕር ማዶውን እንጂ የሰፈሩን አላውቅም” አሉና ካስኩን የመጨረሻው ቁጥር ላይ አደረጉባት።

ሰዉ ሲወጣ አለቀስኩ። “አኮረፈችኝ” አልኳቸው።

“ስንት ጊዜ ሆነሽ?”

“ሁለተኛ ሳምንቴ።”

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወዲያው አለቀ። ራሴን ወደ መታጠቢያው ደገፍ አድርገው ውሃ እያፈሰሱብኝ ተናገሩ፤ ፊታቸውን አላየሁም። “እኔም ታናሽ እህት አለችኝ። የባሏን ዓመል ከሠርጉ በፊት አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ። ይኸው ሃያ ዓመት በየበዓሉ ታቅፈኛለች። ‘አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር’ ትለኛለች። ያንቺ ይሻላል፤ ኩርፊያ ያልፋል።” ሻምፖው ታጥቦ ካለቀ በኋላም ለረጅም ጊዜ ራሴን ሲያሹ ቆዩ።

እንዳሉት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ልወጣ ስል እህቴ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። “እኔም ልምጣ” አለች። እስከ ካዛንቺስ ጎን ለጎን ሄድን፤ መንገዱ ላይ ክንዴን ስትይዘኝ ደስታዬን የት እንደማደርገው አላወቅሁም። እትዬ እንደ ማንኛዋም አዲስ ደንበኛ ተቀበሏት። በሳምንቱ ግን ሄደን ፀጉር ቤቱን ዝግ ሆኖ አገኘነው። ቅዳሜ ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ሰኞ ተከፈተ፤ የት ሄደው እንደነበር አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እትዬ ሲያርፉ ከእህቴ ጋር ለቅሶ ሄድን። የእድሩ ድንኳን ሙሉ ነበር፤ ሰዉም አብዛኛው ሴት፣ አብዛኛውም እሳቸው ፀጉሩን የሠሩለት። እትዬን የሚመስሉ አንዲት ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

“መጽሔት የምታነቢላት ልጅ አንቺ ነሽ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“የባሌን ነገር ዘግይታ ነው የነገረችኝ” አሉ። “ፀጉር ቤቷን ዘግታ መጥታ፣ ደጄ ላይ ቆማ ነገረችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ አላናገርኳትም።” የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው አጠፉት። “ከዚያ በኋላ ግን እህት ነበረችኝ።”

እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር። እህቴ ሴትየዋ ምን እንዳሉኝ አልሰማችም፤ ሳትጠይቀኝ እጄን ያዘችኝ።