የተፋቱት አስተርጓሚዎች

ኢቮኒ ሜንግን በሰፈራችን በቦም ሬቲሮ ውስጥ የማያውቃት የለም። በፊት እንደኔው ቀሚስ እያሰፋች ታከፋፍል ነበር። አንድ ቀን ከሴኡል የመጡ ፊልም ሠሪዎች ሱቋ ገብተው አስተርጓሚ ሲጠይቋት የአክስቷን ልጅ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለፊልም ሠሪዎች አስተርጓሚ ማቅረብ እንጀራዋ ሆነ።

ሰፈሩ ሙሉ ኮሪያዊ እያለ አስተርጓሚ ማግኘት ቀላል ይመስላል። አይደለም። እኛ ሽማግሌዎቹ ኮሪያኛውን እናንበለብለዋለን፤ የአገሩ ቋንቋ ፖርቱጋልኛችን ግን ከጨርቅ ገበያ አያልፍም። ልጆቻችን ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በፖርቱጋልኛ ነው፤ በኮሪያኛ የሚያውቁት «ብላ»ን፣ «ተኛ»ንና ስድብን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ተከታታይ ድራማ ሊቀረጽ ሲል አስተርጓሚው ታመመ። ኢቮኒ ሰፈሩን በስልክ አሰሰች። የተገኙት ሴኞር፣ ማለትም አቶ፣ ታክና ኖኤሚ ብቻ ነበሩ። እሱ በኮሪያዋ ቡሳን ከተማ ውስጥ የኮሪያኛ መምህር የነበረ፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ በሬዲዮ ዜና ታነብ የነበረች። ችግሩ፣ ቀድሞ ባልና ሚስት ነበሩ። ከተፋቱ ወዲህ አንዱ ባለበት መንገድ ሌላው አያልፍም።

«ከሱ ጋር?» አለች ኖኤሚ። «ዶና ኢቮኒ፣ ጤናም የለዎት!»

«ልጄ፣ አግቢው መች አልኩሽ? አስተርጉሚ ነው ያልኩሽ።»

ኮሪያዊው ዳይሬክተር የሚለውን ታክ ቀለል ባለ ኮሪያኛ ለኖኤሚ ይነግራታል፤ እሷ በፖርቱጋልኛ ለተዋናይቷ ታደርሳለች። የዕለቱ ትዕይንት ሚስቱን ጥሎ የሄደ ባል ሲመለስ የሚያሳይ ነበር።

ታክ መሬት መሬት እያየ፣ «ይቅር ትበለው፣ ነው የሚለው» አለ።

«ማን ማንን?»

«ሚስትየዋ ባልየውን።»

«እንዲሁ በባዶ እጁ? ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ?» አለች ኖኤሚ በፖርቱጋልኛ።

«አስተርጉሚ እንጂ አትፍረጂ!»

«ስንት ዓመት ስናገር ያልሰማኸኝን ዛሬ በደሞዝ ልትሰማኝ ነው?»

ዳይሬክተሩ «ምን አለች?» ብሎ ጣልቃ ገባ። ታክ መምህር ነው፤ መዋሸት አይሆንለትም። «መጀመሪያ እሱ ይቅርታ መጠየቅ አለበት፣ ትላለች» አለ።

ዳይሬክተሩ ሐሳቡ የተዋናይቷ መሰለው። አንድ ቃል ያልተነፈሰችውን ሴት እየዞረ አመሰገናት፤ ወዲያው ለባልየው የይቅርታ ንግግር አስጻፈ። ተዋናይቷ እንድትረዳውም ታክ ለኖኤሚ ሊነግራት ግድ ሆነ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ታክ ፊቱ እየቀላ። «ስትናገሪ አልሰማሁሽም።»

«አልገባኝም» አለች ኖኤሚ፣ በጠራ ኮሪያኛ። «ድገመው።»

ደገመው። ሦስተኛውን ስታስደግመው ኢቮኒ ሳቋን ለመደበቅ ከመጋረጃው ጀርባ ሸሸች።

ሰፈሩ ሁሉ እርቁን ሲጠብቅ ምንም አልተፈጠረም። ይልቅ ሥራው ጎረፈላቸው፤ ከኮሪያ ድረስ «ሁለቱን አምጡልን» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንድ መኪና ውስጥ ስለማይቀመጡ ኢቮኒ በየቀረጻው ሁለት መኪና ትልካለች፤ ደስ ብሏት። እርስ በርስ ካልተጣሉ ትርጉማቸው ይበላሻል ባይ ነች።

ሰሞኑን ግን በዝናብ ታክ ለኖኤሚ ጃንጥላ ሲዘረጋላት ኢቮኒ አይታ ደነገጠች። ለብቻው ጠርታ፣

«ሴኞር ታክ፣ እባክህ ሥራ ላይ ነን!» አለችው።